ያገለገለ የመስክ መኪናን ታሪክ ከመረከብ በፊት ስለ መመርመር

መግቢያ

የእርዳታ እህል ከመጋዘን ወጥቶ በችግረኛው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፈው መንገድ ረጅም ነው። በዚህ መንገድ ላይ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ጎልተው ይታያሉ። ችግረኛውን የሚመዘግበው ሠራተኛ፣ የሕፃናቱን ክብደት የሚለካው የጤና ባለሙያና የእህሉን አሰጣጥ የሚቆጣጠረው ተጠሪ የሚጓዙባቸው አነስተኛ የመስክ መኪኖች ግን ብዙም አይታሰቡም። ይሁንና እነዚህ ሰዎች በጊዜው ካልደረሱ እህሉ ቢደርስም ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም። ስለዚህ የአንድ የመስክ መኪና መበላሸት የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥርጭት ጉዳይ ነው።

የወሎን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የማጓጓዣ እጥረት የእርዳታ ሥራ ዋና ማነቆ ሆኖ ቆይቷል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በወደብ የተከማቸ እህል ማጓጓዣ በማነሱ ምክንያት ለተራበው ሕዝብ ሳይደርስ ይዘገይ ነበር። ኮሚሽኑ በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆኗል፤ ዛሬ ይኸው ኃላፊነት የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። መሥሪያ ቤቶች ሲለዋወጡና ፕሮጀክቶች ሲዘጉ መኪኖቻቸው በዝውውር፣ በስጦታ ወይም በጨረታ ወደ ሌላ እጅ ይተላለፋሉ። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በዚህም ምክንያት ቀድሞውኑ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ለብዙ ዓመታት የሚሠራ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ያገለገለ የመስክ መኪና ለወረዳ ወይም ለፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ ተረካቢው የመኪናውን የደኅንነት ታሪክ በምን መንገድ ሊመረምር እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ገጠር ነው።

መንገዱና ጠባዩ

የመኪና ዕድሜ የሚለካው በተሠራበት ዓመት ብቻ አይደለም። በከተማ አስፋልት ላይ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘ መኪና በገጠር መንገድ 80 ሺህ ከተጓዘው ይልቅ ጤናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለሆነም ተረካቢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው መኪናው የሚሠራበትን መንገድ ነው።

በምዕራብ ጎጃም የመስክ መኪና ሦስት ዓይነት መንገድ ይገጥመዋል። አንደኛው ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚደርሰው፣ ከዚያም በማንኩሳና በቡሬ አልፎ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር የሚቀጥለው ዋና መንገድ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሡ ሰፋሪዎች ወደሰፈሩበት ወደ መተከል፣ ፓዌ፣ ከአዲስ አበባ በኩል የሚደረሰውም በዚሁ መንገድ ነው። መንገዱ አስፋልት በመሆኑ ቀላል ይምሰል እንጂ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የአባይ በረሃ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በዚህ ስፍራ የፍሬን ጉድለት ይቅርታ የለውም።

ሁለተኛው በእርሻ መሬት መካከል የሚያልፈው የገጠር መንገድ ነው። አካባቢው በበቆሎ፣ በጤፍና በበርበሬ ምርቱ የታወቀ ስለሆነ ለሌላ አካባቢ የሚሆን እህል የሚሸመትበት ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ዋልካው ጎማ ይይዛል፤ ወንዞቹና ጅረቶቹም ይሞላሉ። ሦስተኛው ከደጋው ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርደው ነው፤ ከቡሬ ተነሥቶ አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚሄደውና ወደ ወምበርማ ቆላ የሚወስደው ከዚህ ክፍል ይቆጠራሉ። በዚህ በኩል ሙቀትና ረጅም ቁልቁለት በአንድነት ይገናኛሉ።

እንግዲህ አንድ መኪና «ደህና ነው» ሲባል ከነዚህ ለየትኛው መንገድ ደህና እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ዓመታዊ ምርመራ የሚነግረንና የማይነግረን

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ደንግጓል። ምርመራውን ያለፈ መኪና በተለምዶ ቦሎ የሚባለውን ምልክት በመስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ቦሎ የሌለውን መኪና መረከብ እንደማይገባ የታወቀ ነው።

ነገር ግን ቦሎ የአንድ ቀን ምስክር ነው። መኪናው በተመረመረበት ዕለት ፍሬኑ እንደያዘና መብራቱ እንደበራ ይመሰክራል እንጂ ከሦስት ዓመት በፊት ተገልብጦ እንደሆነ፣ ሞተሩ በጎርፍ ውሃ ተነክሮ እንደሆነ ወይም ሻንሲው ተሰብሮ ተበይዶ እንደሆነ አይናገርም። ታሪኩን ለማወቅ ሦስት ምስክሮችን ለየብቻ መስማትና ቃላቸውን ማስተያየት ያስፈልጋል። እነርሱም ወረቀቱ፣ ብረቱና ሰው ናቸው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ለትምህርት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፍኖተ ሰላም ለሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ላንድ ክሩዘር ቀረበለት እንበል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 140 ሺህ ይላል፤ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ቦሎውም የዘንድሮ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር፦ ወረቀት

ሀ) ሊብሬ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ፊደል በፊደል፣ አኃዝ በአኃዝ መመሳሰል አለበት። በብዙዎቹ ላንድ ክሩዘሮች የሻንሲው ቁጥር በቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ በሻንሲው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ጭቃውን አጥቦ ማንበብ ያስፈልጋል። ሞተሩ ተለውጦ ከሆነ ለውጡ በምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ፋይል የተመዘገበ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። መኪናው በዕዳ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገደ አለመሆኑም ከዚሁ ፋይል ይጣራል።

ለ) የጉምሩክ ሰነድ። የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። እንዲህ ያለው መኪና ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ለሌላ ወገን ሊተላለፍ አይችልም። ይህ ሳይጣራ የተረከበ መሥሪያ ቤት መኪናውን ለመጠገን ካወጣው ይበልጥ ሊከፍል ይችላል።

ሐ) የመድን ሰነድ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ከዚህ ሌላ የመድን ፋይሉ የአደጋ ታሪክ ማኅደር ስለሆነ ካሣ የተጠየቀበት ጊዜ መኖሩን አስረካቢው በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መ) የጉዞና የነዳጅ መዝገብ። ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚናገር፣ ግን ከሁሉ ያነሰ የሚነበብ ሰነድ ነው። ሁለት ስሌት ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያው መኪናው በወር ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዝ እንደነበር ማውጣት ነው። በምሳሌያችን የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት መዝገብ በወር በአማካይ 1,100 ኪሎ ሜትር ቢያሳይ፣ በዓመት 13,200 ይሆናል፤ በሃያ ዓመት ደግሞ 264,000። ቆጣሪው የሚለው ግን 140,000 ነው። የተቀረው ከ120 ሺህ በላይ ኪሎ ሜትር የት ሄደ? ቆጣሪው ተመልሶ ይሆናል፣ ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል፣ ወይም መኪናው ለዓመታት ቆሞ ይሆናል። መልሱ ማንኛውም ቢሆን ማወቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ኪሎ ሜትሩን ለነዳጁ ማካፈል ነው። በአንድ ወር 200 ሊትር ወስዶ 1,400 ኪሎ ሜትር የተጓዘ መኪና በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ሄዷል። በሌላው ወር ለዚያው ጉዞ 280 ሊትር ከወሰደ ወደ 5 ወርዷል። ይህ የሞተር መድከም፣ የመንገድ ለውጥ ወይም የነዳጅ ብክነት ምልክት ነው፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚለዩት ሌሎቹ ምስክሮች ናቸው።

የቆጣሪው እውነት የሚያስፈልገው ለዋጋ ብቻ አይደለም። በተጠቀሰው የላንድ ክሩዘር ሞተር ውስጥ ቫልቮችን በጊዜያቸው የሚያስከፍት የጎማ ቺንጊያ አለ፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲለወጥ ይታዘዛል። ቺንጊያው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩ ወዲያውኑ ይቆማል፤ ቫልቮቹንና ሌሎች የውስጥ ክፍሎችንም ሊሰብር ይችላል። ቆጣሪው ውሸት ሲሆን የቺንጊያው ቀጠሮም ውሸት ይሆናል።

ሁለተኛው ምስክር፦ ብረት

ምርመራው መኪናው ታጥቦ፣ ሞተሩ ግን ሳይሞቅ መጀመር አለበት። አስረካቢው ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ምርመራውን ለማግስቱ ማስተላለፍ ይሻላል፤ የደከመ የናፍጣ ሞተር ጉድለቱን የሚገልጠው በብርድ ሲነሣ ነውና። ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚያቃጥል፣ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ ወይም ናፍጣው በሚገባ እንደማይቃጠል፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ የናፍጣና የአየር መጠኑ እንዳልተስተካከለ ያመለክታል።

ከዚያ ከመኪናው ሥር መግባት ያስፈልጋል። የመስክ መኪና አከርካሪው ሻንሲው ነው። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝባቸው ቦታዎችና መሪው የታሰረበት አካባቢ በሽቦ ብሩሽ ተፈቅፍቀው ስንጥቅ ወይም የብየዳ ጠባሳ ይፈለግባቸዋል። አዲስ ቀለም ከላይ ሲያምር ከሥር ትኩስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከተገኘ ተረካቢው ይበልጥ መጠራጠር አለበት። ከባሌስትራው ቅጠሎች የተሰበረ ወይም ከሌላው የተለየ መኖሩም ይታያል።

በላሜራው ላይ ስቱኮ መኖሩን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ይበቃል፤ ማግኔቱ በማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። በተለይ ጣሪያውና የጣሪያው ምሰሶዎች በስቱኮ የተሞሉ ከሆነ መኪናው ሳይገለበጥ አልቀረም። ነገር ግን ይህ ዘዴ ለቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች አያገለግልም፤ የነርሱ አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም በመሆኑ ማግኔት ጤነኛውንም አይዝም። በአንጻሩ ሻንሲያቸው ብረት ስለሆነ ዝገቱ እዚያ ይፈለጋል።

የካምቢዮውና የዲፍረንሻሉ ዘይት ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ ይኸውም መኪናው ጥልቅ ወንዝ እንደተሻገረና ዘይቱ በጊዜው እንዳልተለወጠ ይናገራል። በፊት ጎማዎች መሃል ያለው መቆለፊያ መሥራቱን፣ ዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽም መግባቱን በተግባር መሞከር ያስፈልጋል፤ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ የሚደርቅ መኪና አለና።

የጎማው ዕድሜ በጎኑ ላይ ተጽፏል። በአራት አኃዝ የተመታው ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ያመለክታል፤ 2215 ቢል በ2015 እ.ኤ.አ. 22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ብቻ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለ ፍሬን ልዩ ትኩረት ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ ከጊዜ በኋላ ውሃ ይቀላቀልበታል። እንዲህ ያለው ዘይት በሜዳ መንገድ ችግሩን አያሳይም፤ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ግን ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። መቼ እንደተለወጠ የማይታወቅ የፍሬን ዘይት እንዳረጀ ተቆጥሮ መለወጥ አለበት።

በመጨረሻ የሾፌሩ ቦታ ይታያል። የፔዳሎቹ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ የመሪው ክብ ከለሰለሰና ወንበሩ በአንድ ወገን ከሰመጠ ቆጣሪው 140 ሺህ ቢልም ብረቱ ሌላ ቃል እየሰጠ ነው። ወረቀቱና ብረቱ ሲለያዩ ብረቱን ማመን ይገባል።

ሦስተኛው ምስክር፦ ሰው

መኪናውን ለረጅም ጊዜ የነዳው ሾፌርና የጠገነው መካኒክ በመዝገብ ያልሰፈረውን ያውቃሉ። ነገር ግን በአለቃቸው ፊት ሲጠየቁ ዝምታን ይመርጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው ምርመራ መስሎ ሳይሆን ምክር መጠየቅ ሆኖ መቅረብ አለበት። «መኪናው ምን ችግር አለበት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም የለበትም» የሚል ሰው «ጋሼ፣ በክረምት በዚህ መኪና ሲሄዱ ከሁሉ የሚያሳስብዎት የቱ ነበር?» ሲባል ግን ያጫውታል። መኪናው በብዛት በየትኛው መንገድ እንደሠራ፣ ስንት ሰውና ስንት ኩንታል ይጫንበት እንደነበር፣ በጣሪያው ላይ ዕቃ ይጫን እንደነበር፣ መለዋወጫው ከየት ይገኝ እንደነበር መጠየቅ ይጠቅማል።

በምሳሌያችን ሾፌሩ የቆጣሪው ገመድ ለጥቂት ዓመታት ተበጥሶ እንደነበርና ኪሎ ሜትሩ በግምት ይጻፍ እንደነበር ቢናገር፣ የጎደለው ኪሎ ሜትር ታሪክ ተገኘ። ማታለል አልነበረም፤ ቸልተኝነት ነበር። ይሁን እንጂ ለቺንጊያው ሁለቱም አንድ ነው፤ መቼ እንደተለወጠ የሚያስረዳ ደረሰኝ እስካልቀረበ ድረስ እንዳልተለወጠ ይቆጠራል።

የመንገድ ሙከራ

ሙከራው በግቢ ውስጥ ዞሮ መመለስ ሊሆን አይገባም። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ ያለው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ በመሆኑ ደርሶ ለመመለስ ምቹ ነው። መኪናው በሥራ ጊዜ የሚሸከመውን ያህል፣ ለምሳሌ አራት ሰውና ጥቂት ኩንታል እህል፣ ጭኖ መሄድ አለበት። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በጠጠርና በኮረብታ ላይ የተወሰነ ርቀት ይሞከራል። በቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ማርሹ የሚያመልጥ ከሆነ ካምቢዮው ደክሟል። ባዶ መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ የአንዱ ጎማ ፍሬን ከሌላው ተለይቷል።

ቡሬ ሲደረስ መኪናውን አቁሞ እጅን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሃል ማስጠጋት ያስፈልጋል። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ጎማ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይም ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። መኪናው ለግማሽ ሰዓት ከቆመ በኋላ በሥሩ የፈሰሰ ዘይት ወይም ውሃ መኖሩ ይታያል።

ስለ ውሳኔና ስለ ምደባ

ከምርመራው በኋላ ውሳኔው ከሦስት አንዱ ይሆናል።

1ኛ/ የሻንሲ ወይም የሞተር ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር የማይስማማ፣ የጉምሩክ ጉዳዩ ያልተጣራ ወይም ሻንሲው በወሳኝ ቦታ የተሰነጠቀ መኪና በስጦታ ቢሰጥም አይወሰድም። ነፃ የተባለ መኪና ሰው ከገደለ ነፃ አይደለም።

2ኛ/ ጉድለቱ በጥገና የሚስተካከል ከሆነ የጥገናው ዝርዝርና ወጪ በርክክቡ ሰነድ ላይ ተጽፎ ጥገናው ከስምሪት በፊት ይፈጸማል። የምሳሌያችን ላንድ ክሩዘር ከዚህ ይመደባል፤ ቺንጊያው፣ የፍሬን ዘይቱና የካምቢዮው ዘይት ተለውጠው፣ አዲስ ቆጣሪ ገመድ ተገጥሞ፣ የተለወጡበት ቀን በመዝገብ ሰፍሮ ሊሠማራ ይችላል።

3ኛ/ ሦስቱም ምስክሮች የተስማሙበት መኪና ይወሰዳል፤ ሆኖም እንደ አቅሙ ይመደባል። ለከተማና ለአስፋልት የሚበቃ መኪና በክረምት ወደ ወምበርማ ቆላ ወይም ወደ አባይ ሸለቆ እንዲወርድ ማዘዝ የሾፌሩን ሕይወት በዕድል ላይ መጣል ነው። የስምሪት ኃላፊው የትኛው መኪና ወደ የትኛው መንገድ እንደማይላክ የሚገልጽ ዝርዝር ጽፎ በስምሪት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ብዙ ክርክርን ያስቀራል።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የአሮጌ መኪና ትልቁ አደጋ እርጅናው ሳይሆን ታሪኩ አለመታወቁ ነው። ጉድለቱ የታወቀ መኪና ይጠገናል፣ በአቅሙም ይሠራል፤ ጉድለቱ የተሸፈነው ግን የሚገለጠው ጋራዥ በሌለበት፣ ወንዙ በሞላበት ወይም ቁልቁለቱ ባላለቀበት ስፍራ ነው። በዚያች ሰዓት ከመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በሥርጭት ጣቢያው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የሚጠብቀውም ይጎዳል።

ዛሬ ተረካቢ የሆነ መሥሪያ ቤት ነገ አስረካቢ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ከርክክቡ ዕለት ጀምሮ የእያንዳንዱን ጉዞ ኪሎ ሜትር፣ የነዳጁን መጠን፣ የተለወጠውን ዕቃና የደረሰውን አደጋ ሳይሸሽግ መጻፍ ይገባዋል። ይህን የሚያደርግ መሥሪያ ቤት መኪናውን ለሚከተለው ሰው ሲያስረክብ ከቁልፉ ጋር እውነቱንም ያስረክባል።